ጫማዬ ጠበበችኝ፦ የአንዲት የወሎ እናት፣ የአንድ ኪኒን እና የሰባት ደቂቃ ወሬ ጉዳይ

ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስ "መድኃኒቷን በአግባቡ ትወስዳለች" ይላል። ከሥሩ የደም ግፊታቸው ልክ ተጽፏል፦ 176/102። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም። እርግጥ ኪኒኑን በየቀኑ እየዋጠም ግፊቱ ከ140/90 የማይወርድ ሰው አለ። መጠኑ አንሶት ይሆናል፣ ሌላ በሽታም ይኖርበት ይሆናል። ግን በተከታታይ ቀጠሮ እንዲህ ሲሆን ሐኪም ይጠረጥራል።

ጓደኛዬም ጠረጠረ። ጤና መኮንን ነው። የሚሠራው ደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ ያኔ ወሎ ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ደሴ ወጥቶ ቤቴ ቁጭ እንዳለ፣ "አንዲት እናት አሉ፣ ይዋሹኛል" አለኝ።

"እንዴት አወቅክ?"

"ግፊታቸው አይዋሽማ!"

እኔ የተማርኩት ተግባቦት ነው። "ይዋሹኛል" የምትለዋ ቃል ጎረበጠችኝ። ብዙ ጊዜ ሰው ዋሸ የሚባለው፣ ሰሚው አንድ ነገር ስላመለጠው ነው። በጨዋታችን መሃል "ለምን አንድ ቀን ንግግራችሁን አትቀዳውም?" አልኩት። ቀልዴን ነበር። እሱ ግን የምር ያዘው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሴትዮዋንና አብራቸው የመጣችውን ልጃቸውን አስፈቀደ። ድምፃቸውን በስልክ ሊቀዳ እንደሆነ፣ አራት ሰዎች ብቻ እንደምንሰማው፣ ካልፈለጉ ደግሞ እንደሚተወው ነገራቸው። እሳቸው "ቅዳው፣ ምን የምደብቀው አለኝ" አሉት። ይቺም ንግግር ተቀድታለች። ቆይተን ስንሰማት ሳቅን፤ በኋላ ግን መሳቃችን አሳፈረን።

ሰባት ደቂቃ ነው። አብዛኛው የወረቀት መገለባበጥና የግፊት መለኪያው ፓምፕ ድምፅ ነው። ለእኛ የሚሆነው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ናቸው። የመጀመሪያው፦

— እንዴት ሰነበቱ እማማ?
— አልሀምዱሊላህ። አንተስ ልጄ? እናትህስ? ወንድም እህቶችህስ?
— ደህና ናቸው። ራስዎን ያምዎታል?
— አልሀምዱሊላህ፣ ምንም አልል።
— መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?
(ዝምታ። ከዚያ አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ።)
— በየቀኑ? ሳያቋርጡ?
— አብሽር ልጄ፣ አብሽር።

ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ነው። ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል፤ ሊነሱ ነው።

— በሉ፣ ጨው ይቀንሱ። በወሩ ይመጣሉ። ሌላ ነገር የለም አይደል?
— የለም። አላህ ያክብርህ፣ እድሜ ይስጥህ። ...ይቺ ጫማዬም ዘንድሮ ጠበበችኝ እቴ።
— (ሳቅ) ልጆችዎ ሌላ ይግዙልዎታ!
— (ሳቅ) አሚን።

በቃ። ጉዳዩ ይኸው ነው። መልሱ ከፊታችሁ ነው። የሕክምና ሰው የሆነ አንባቢ ምናልባት አሁኑኑ ይዞታል። እኛ ግን አንድ ሙሉ ሌሊት ፈጀብን።

አራት ነበርን። መኮንኑ፣ እኔ፣ ሥነ ልሳን የምታስተምር የደሴ ልጅ፣ እና ፎክሎር ያጠና ወዳጃችን። የደሴ ብርድ ይታወቃል። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ፣ እኛም ጋቢ ለብሰን ስልኩን መሃል አስቀምጠን ተቀመጥን። ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አልነበረም። ከሰባ ዓመት በፊት ሌሎች ሰዎች ሞክረውታል።

እ.ኤ.አ. በ1955 እና 56 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ስታንፎርድ ባለው የምርምር ማዕከል የተገናኙ ሰዎች ነበሩ። ፍሪዳ ፍሮም-ራይክማን የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበረች። ሕመምተኛ ሲናገር ከቃሉ ጀርባ የሚሰማት ነገር አለ፤ ግን በምን እንደምትሰማው መናገር አትችልም። ስለዚህ የቋንቋ ሊቃውንቱን ቻርልስ ሆኬትንና ኖርማን ማክዋውንን፣ አንትሮፖሎጂስቱን ግሪጎሪ ቤትሰንን ይዘው አንድ ላይ ተቀመጡ። የሰውነት እንቅስቃሴን እንደ ቋንቋ የሚያጠናው ሬይ በርድዊስልም ተጨመረ። ቤትሰን ዶሪስ ብለው ከጠሯት አንዲት እናት ጋር ሲነጋገር የተቀረጸ ፊልም አመጣ። ከዚያ ፊልም ውስጥ ቤትሰን የሴትዮዋን ሲጋራ የሚለኩስባትን አጭር ቦታ መርጠው ትንፋሹን፣ ድምፁን፣ የእጁን አነሳስ እያንዳንዱን መዘገቡ። ሥራው ዓመታት በላ። እንደ ወጉ መጽሐፍ ሆኖ አልወጣም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1971 በማይክሮፊልም ተቀመጠ። የሰውን ልጅ ንግግር አንድ ሙያ ብቻውን አይችለውም የሚለው ሐሳብ ግን ከዚያ ጠረጴዛ ብዙ ጉልበት አግኝቷል።

ይህን ታሪክ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። "እኛም ዓመታት ሊፈጅብን ነው?" አለ መኮንኑ። ሰኞ ሥራ አለበት።

የመጀመሪያውን ድል የቋንቋዋ ሰው ወሰደች። ዝምታው ላይ አቆመችው። "ስሙት" አለች። "ከጥያቄው በኋላ ከአንድ ሰከንድ በላይ ነው።" አንድ ሰከንድ ምን አላት? አላት። እ.ኤ.አ. በ2009 አሥር ቋንቋዎችን ያወዳደረ ጥናት ወጥቶ ነበር። አዎ ወይም አይደለም ለሚያስብል ጥያቄ ሰው መልስ የሚጀምረው በአማካይ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ነው። ከአሥሩ አማርኛ የለበትም። ግን ባህላቸው ከዳር እስከ ዳር የሚለያይ ሕዝቦች ተቀራራቢ ሆነው ሲገኙ እኛ ብቻ እንለያለን ማለት ይከብዳል። የሚዘገይ መልስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጠያቂው የማይፈልገው መልስ ነው።

ከዚያ ትንፋሿ መጣች። እኛ ሰው አገር የሄድን ጊዜ ካልሆነ ልብ የማንላት ትንፋሽ። አየር ወደ ውስጥ ስበን "አዎ" የምንላት። ስዊድንና ኖርዌይም አለች ይባላል፤ በአብዛኛው ቋንቋ ድምፅ የሚወጣው ወደ ውጭ በሚሄድ አየር ስለሆነ የውጭ ሰው የደነገጥን ይመስለዋል። መኮንኑ የአገር ልጅ ነውና "አዎ" ብሎ ሰምቷታል። ልክ ነው። ግን የቋንቋዋ ሰው እንደምትለው ይቺ "አዎ" ሁለት ሥራ አላት። አንዳንዴ "እውነት ነው" ማለት ናት። አንዳንዴ ደግሞ "እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል" ብቻ ናት። ካርዱ ላይ የወጣችው የመጀመሪያዋ ሆና ነው።

"አልሀምዱሊላህ"ንም እንዲሁ። "እንዴት ሰነበቱ" ሲባል የሚመለስ ምስጋና ስለ ጤና የሚሰጥ መረጃ አይደለም። አንትሮፖሎጂስቱ ማሊኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1923 የጻፈው ነገር ነው፦ ሰው ብዙ ቃል የሚያወጣው ወሬ ለማድረስ ሳይሆን አብሮ ለመሆን ነው። ወሎ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም ቢታመም፣ ቢቸገር፣ መጀመሪያ ያመሰግናል። ችግሩ ቆይቶ ይመጣል፤ ጠያቂው ከታገሠ። እዚህ ላይ ግን የሕክምናው ጥያቄ ከሰላምታው ጋር ተጣብቆ መጣ። "ራስዎን ያምዎታል?" የተባለው ገና ሰላምታው ሳያልቅ ነው። ስለዚህ መልሱም የሰላምታ መልስ ሆነ።

"አብሽር" ግን አጣላን።

ወሎን የማያውቅ ሰው ካለ፣ አብሽር "አይዞህ" እንደማለት ነው። ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ መልካም ወሬ ይድረስህ ዓይነት። ሥሩ ከግዕዙ አብሠረ እና ብሥራት ጋር አንድ ነው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አንድ ሥር ተካፍለው ሲበሉ ማየት ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት አብሽር ይባላል። ፈተና ለወደቀ ተማሪ አብሽር ይባላል። ደሴ ሚኒባስ ውስጥ መልስ የዘገየበት ተሳፋሪም ረዳቱን ሲጨቀጭቅ "አብሽር" ይባላል።

መኮንኑ የሰማው "አይጨነቁ፣ በሚገባ እወስዳለሁ" የሚለውን ነው። የቋንቋዋ ሰው ሳቀችበት። "ለጥያቄህ መልስ አይደለም'ኮ! በየቀኑ ወይ ብለህ ጠየቅካቸው። አዎ አላሉህም፣ አይደለም አላሉህም። አጽናኑህ። ሰው የሚያጽናናው የከፋውን ነው። ስለዚህ እንደሚከፋህ ያውቃሉ፤ አይወስዱም ማለት ነው።" አሳማኝ ነበር። ሁላችንም አመንናት። እኔ እንዲያውም ማስታወሻዬ ላይ በትልቁ ጻፍኩት፦ "አብሽር = በጨዋ ደንብ የተነገረ 'አይደለም'።" ይቺን ማስታወሻ ያዙልኝ።

የፎክሎሩ ሰው ሌላ መንገድ ሄደ። እሱ የወደዳት የጫማዋን ነገር ነው። "ይሄ ሰምና ወርቅ ነው" አለ። "ጫማ ማለት ኑሮ ነው፣ ቤት ነው። ጠበበችኝ ማለት ልጆቼ አልተመቹኝም ማለት ነው። አንተ ደግሞ 'ልጆችዎ ይግዙልዎታ' ብለህ ቁስሉ ላይ ጨው ነሰነስክ።" በጣም ቆንጆ ትንታኔ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንድ የአምባሰል ግጥምም ጨመረበት። ይህ የእኛ አገር ምሁራን አመል ነው፤ ገጠር የተነገረች ማንኛዋም ዓረፍተ ነገር ወርቅ ካልተፈለፈለባት ደስ አይለንም። ገበሬ "ዝናብ ዘገየ" ቢል እንኳ መንግሥትን ነክቷል እንላለን።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ሌሊት፣ ቡናው አልቆ ሻይ ላይ ደርሰን ነበር። የቋንቋዋ ሰው ከመተኛታችን በፊት አንድ ነገር ልበል አለች። ሼግሎፍና ሳክስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ሰው ንግግሩን እንዴት እንደሚዘጋ ጽፈዋል። ስልክ እንኳ ሲዘጋ በአንዴ አይዘጋም። "እሺ"፣ "በል እንግዲህ" እየተባለ በር ገርበብ ይደረጋል። ያቺ ገርበብ ያለች ቦታ ሥራ አላት፤ እስካሁን ቦታ ያጣ ነገር የሚነገርባት ናት። "ስለዚህ" አለች፣ "ጫማው ቅኔ ይሁን አይሁን አላውቅም። የተነገረበት ቦታ ግን የዋዛ ቦታ አይደለም። ሊነሱ ሲሉ ያወጡት ነገር፣ ይዘውት የመጡት ነገር ሊሆን ይችላል።"

መኮንኑ ሻዩን አስቀመጠ። "እስኪ መልሺው።"

መለሰችው። ይቺ ጫማዬም ዘንድሮ ጠበበችኝ እቴ።

"አንዴ ድገሚው።"

ከዚያ ራሱን ያዘ። "እግራቸው አብጧል" አለ። "አምሎዲፒን ነው'ኮ የሰጠኋቸው። ባለፈው አልወርድ ሲለኝ ከ5 ወደ 10 ሚሊ ግራም ያሳደግኩት እኔ ነኝ።"

አምሎዲፒን ለደም ግፊት በሰፊው የሚታዘዝ ጥሩ መድኃኒት ነው። ሥራው የደም ሥሮችን ማላላት ነው። ታዲያ በአንዳንድ ሰው ላይ ከልብ ደም የሚያደርሱት ትናንሾቹ ደም ሥሮች ሲላሉ ፈሳሽ ወደ ሥጋ እየሰረገ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። መጠኑ ሲጨምር እብጠቱም ይበዛል። ማንኛውም የጤና ተማሪ ያውቀዋል። መኮንኑም ያውቀዋል። ሴትዮዋ "እግሬን አሳበጠኝ" ቢሉት ኖሮ በሦስት ሰከንድ ይመልስ ነበር። እሳቸው ግን ስለ እግራቸው አልተናገሩም። ስለ ጫማቸው ተናገሩ። ጫማቸው ኮንጎ ነው፤ ላስቲክ እግር ሲያብጥ አብሮ አይለጠጥም።

ይህን ቦታ ቀስ ብዬ ላልፈው እፈልጋለሁ። ሕክምናው ብቻውን እብጠቱን ያውቃል፤ ግን ወንበር ሲንቀሳቀስ ጆሮውን ዘግቷል። ሥነ ልሳኑ የመዝጊያዋን ቦታ ያውቃል፤ ግን አምሎዲፒን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ፎክሎሩ ዓረፍተ ነገሯ ክብደት እንዳላት ቀድሞ ነቅቷል፤ ግን ወርቅ ፍለጋ ጉድጓድ ሲቆፍር ሰሙ ላይ ቆሞ ነበር። ነገሩ ሰሙ ነበራ። ጫማቸው ጠቧቸዋል። እኔ ምን አደረግኩ? ማስታወሻ ያዝኩ፤ ስለ ዶሪስ ተረኩ።

መኮንኑ እስከ ሰኞ አልጠበቀም። እሑድ ጠዋት ለልጃቸው ደወለና ከሰዓት አብረን ሄድን።

ቤታቸው ደጃፍ ላይ ጫማችንን ስናወልቅ አየነው። ሰማያዊ ኮንጎ፣ በሁለቱም ጎን በምላጭ ተሰንጥቋል። ማንም ምንም አላለም። መኮንኑ ብቻ ትንሽ ቆሞ አየው።

ቡና ተፈላ። ቡናው በዱአ ነው የሚጀመረው። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ እኛ "አሚን" እያልን፣ ለአገር፣ ለከብት፣ ለዝናብ፣ ለእኛ እናቶች ሁሉ ደረሰ። አቦሉ እስኪጠጣ ስለ በሽታ አንዲት ቃል አልተነሳችም። መኮንኑ ሁለት ጊዜ ሊጀምር ሲል የፎክሎሩ ሰው ጉልበቱን ነካው። በዚህ ግን ልክ ነበር፤ ሙያውን አየሁለት። ቶናው ላይ ስለ ልጆች ተወራ። በረካው ሲቀዳ እሳቸው ራሳቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን ወደ ፊት ዘረጉና "እስኪ እየው፣ ልጄ" አሉት።

በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጣቱ ሲነሳ ጉድጓዱ ቀረ።

የነገሩት ይህ ነው። መጀመሪያ የተሰጣቸውን ኪኒን በደንብ ይውጡ ነበር። ሁለተኛው ከመጣ በኋላ እግራቸው ይሞላል። ሲሞላ ይተዉታል። ሲጎድል ይጀምሩታል። ያን ጊዜ ጤና ጣቢያ የሄዱት ከተዉት በአምስተኛው ቀን ነበር። ስለዚህ "እየወሰዱ ነው?" ሲባሉ ያወጧት የትንፋሽ "አዎ" ውሸት አልነበረችም፤ ይወስዳሉ። ጥያቄው ነው እንጂ የሰፋው።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም እማማ?" አለ መኮንኑ።

"ነገርኩህ እኮ። ጫማዬ ጠበበኝ አላልኩህም?"

"እሱማ... እግሬ አበጠ ቢሉኝ?"

"አንተ ልጅ፣ ለፍተህ የሰጠኸኝን መድኃኒት አሳበጠኝ ብዬ ፊትህ ላይ ልወርውረው?"

ይሉኝታ። ይቺን ሁላችንም ጠብቀናት ነበር። እኔ ግን ማስታወሻዬን አስቤ የባሰውን ጠየቅኩ። "አብሽር ያሉትስ? መድኃኒቱን እንዳቋረጡ ለመሸፈን ነው?"

ሴትዮዋ ግር አላቸው። ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ምኑን ልሸፍን? ፊቱ ጠቁሮ ነበራ! ቁርስ የበላም አይመስል። ከኔ በፊት አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ እያለቀሰች ወጥታለች። አሳዘነኝ። አብሽር አልኩት።"

መኮንኑ አንገቱን ደፋ። እውነት ነበር። በዚያ ጠዋት አንድ ሕፃን ወደ ደሴ ሪፈር ብሎ ነበር፤ አምቡላንስም ዘግይቶበት ነበር። ለእኛ እንኳ አልነገረንም።

አስቡት። አራት የተማሩ ሰዎች አንድ ሌሊት ሙሉ የአንዲት ሴት ድምፅ ላይ ተኝተን አደርን። ዝምታቸውን በሰከንድ ለካን። ቃላቸውን እስከ ግዕዝ ድረስ ቆፈርን። የመኮንኑን ፊት ግን ማንም አልጠየቀም። ስልክ የሚቀዳው ድምፅ ነው። አብሽር የተባለው ለጥያቄው አልነበረም፤ ለፊቱ ነበር። እሱም መሃላችን ተቀምጧል፤ እንደ ባለሙያ እንጂ እንደ ተናጋሪ አልቆጠርነውም። የካሊፎርኒያዎቹ በዚህ በለጡን። የእነሱ ፊልም ነው፤ ቤትሰንም ፊልሙ ውስጥ አለ። ሲጋራውን የለኮሰው እጅ የአጥኚው እጅ ነው፤ ከሴትዮዋ እኩል ተመዝግቧል። በርድዊስል ለምን እንዳስፈለጋቸው ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ። የገባኝ ግን እዚያ፣ የበረካው ሲኒ እጄ ላይ እያለ ነው።

ማስታወሻዬ ላይ ያለችውን መስመር ሰረዝኳት። ሙሉ በሙሉ ግን አልተሳሳትንም ብላ የቋንቋዋ ሰው እስከዛሬ ትከራከራለች። "አዎ" አለማለታቸው፣ መዘግየታቸው እውነት ነው ትላለች። ሊሆን ይችላል። ሰው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይሠራል።

ሕክምናው በአጭሩ እንዲህ ሆነ። እግር የሚያብጠው በመድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ልብም፣ ኩላሊትም፣ ጉበትም ያሳብጣል። ስለዚህ መኮንኑ ሽንታቸውን አስመረመረ፣ ልባቸውን አዳመጠ፣ ከአንድ ነባር ሐኪም ጋርም ተማከረ። ሌላ የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም። አምሎዲፒኑን ወደ 5 መልሶ ኢናላፕሪል የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ጨመረበት። ይህ ጥምረት ግፊቱን ይዞ እብጠቱንም ይቀንሳል። ደረቅ ሳል ሊያመጣ እንደሚችልም አስቀድሞ ነገራቸው፤ "ሳል ከመጣ ሳል መጣ በሉኝ፤ ጉሮሮዬ ከረከረኝ ብለው በር ላይ እንዳይጥሉልኝ" ብሎ። ሳቁ። ሰዓቱን ከሱብሂ ሶላት ጋር አያያዙት፤ የግድግዳ ሰዓት የሌለው ቤት ሱብሂ አለው። ከሦስት ወር በኋላ 138/86 አገኘ። ደውሎ ቁጥሩን ብቻ ነግሮኝ ዘጋው።

ከሕክምናው ይልቅ የቆየን ጥያቄው ላይ ነው። እዚህ ላይ አሜሪካ የተሠራ አንድ ጥናት ነበረን፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ ሄሪቴጅና ጓደኞቹ የሠሩት። ሐኪሞቹ ሕመምተኛው የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ ሲጨርስ "ሌላ ነገር አለ?" ይላሉ። ከፊሎቹ "ኤኒቲንግ" የምትለውን ቃል ተጠቀሙ፤ ሌሎቹ ደግሞ "ሳምቲንግ" የምትለውን። ለውጡ ይቺ ቃል ብቻ ናት። በሁለተኛዋ ሲጠየቁ፣ ሳይነገር የሚቀረው የሕመምተኞች ጉዳይ በ78 በመቶ ቀነሰ። የመጀመሪያዋ "የለም" የሚል መልስ ትጠብቃለች፤ ሁለተኛዋ "አለ" የሚል።

ይህን እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት አይቻልም። እኛ ያቺ የቃል ልዩነት የለችንም። የራሳችን ግን አለን፤ የባሰ። ቅጂው ላይ መኮንኑ ያለው "ሌላ ነገር የለም አይደል?" ነው። ይህ ጥያቄ አይደለም፤ በር መዝጋት ነው። "አይደል" ስትባል ጨዋ ሰው "የለም" ብሎ ይረዳሃል። "ሌላስ ምን አለ?" ሲባል ግን አንድ ነገር እንዳለ ተቆጥሯል፤ ባዶ እጅ መመለስ ያሳፍራል። የቋንቋዋ ሰው ይቺን ስትነግረው መኮንኑ ወረቀት ላይ ጽፎ ጠረጴዛው መስታወት ሥር አስገባት። "እየወሰዱ ነው?" የሚለውንም ተወው። አሁን የሚለው "ኪኒኑን ያሳዩኝ፣ ስንት ቀረ?" ነው። ወይም "ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ይዘለዋል፤ እርስዎ የትኞቹን ቀኖች ዘለሉ?"

ሁሉም አልሠራም። አንድ አዛውንት "ሌላስ ምን አለ?" ሲባሉ የመሬት ክርክራቸውን አንስተው ሃያ ደቂቃ ፈጁ፤ ውጭ ወረፋው አጉረመረመ። መኮንኑ ተናዶ ደወለልኝ። "ሳይንስህን ውሰድልኝ" አለኝ። ጤና ጣቢያው አቦሉን ጠጥቶ የሚነሳ እንግዳ ነው፤ በረካው ድረስ ቁጭ በል ብንለው ማን ይከፍለዋል? ለዚህ እስካሁን መልስ የለኝም። ደግሞ ያየነው አንዲት ሴት፣ አንድ መኮንን፣ አንድ ጠዋት ነው። የሚቀዳ ሰው ደግሞ እንደማይቀዳ ሰው አይናገርም፤ የቋንቋ ሊቁ ላቦቭ ይህን ችግር ካነሳው ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ምናልባት ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ባይኖር ጫማዋ ቀድማ ትነሳ ነበር።

ይህን ልጽፍ ስል ላስፈቅዳቸው ተመልሼ ሄድኩ። ስማቸውን እንደማልጠራ ነገርኳቸው። እሳቸው ስለ ስም ግድ አልነበራቸውም፤ ድምፃቸውን መስማት ፈለጉ። ስልኩን ከፍቼ መጀመሪያውን አሰማኋቸው። ሰላምታው ላይ ፈገግ አሉ። ትንፋሿ ስትመጣ ግን ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

"ይሄ የሚተነፍሰው ማነው?"

"እርስዎ ነዎት እማማ። አዎ ሲሉ ነው።"

"እኔ? እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም!" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እንዲህ እላለሁ እንዴ?"

ልጅቷ ጀበናውን እያነሳች ቀና አለች። አየሩን ወደ ውስጥ ሳበችው።